ሁለት ስልክ ይዞ ወደ ባሌ

ባሌን ለመውደድ ስልክ አያስፈልግም። እኔ ግን ሁለት ይዤ ሄድኩ፤ አንዱን በቀኝ ኪሴ፣ ሌላውን በግራ። የአንደኛው ቁጥር በ09 ይጀምራል፣ የሁለተኛው በ07። የትኛው በየትኛው ኪስ እንደነበር እዚህ አልናገርም። ይሉኝታ ይዞኝ አይደለም። ዛሬ አንዱ ኩባንያ ድምፁ የማይሰማበት ቀበሌ ውስጥ በሚመጣው ወር ታወር ሊተከል ይችላል፤ ያኔ የእኔ ፍርድ ጊዜው ያለፈበት ይሆናል። ኮረብታው፣ ደኑ፣ ብርዱና የገበያው ግርግር ግን ባሉበት ይቆያሉ። ስልክ በገጠር ሠራ ወይም አልሠራም የሚያሰኙት በአብዛኛው እነሱ መሆናቸውን ያየሁት በዚህ ጉዞ ነው።

ይህን መሰል ንጽጽር ከጥቂት ዓመታት በፊት ማሰብም አይቻልም ነበር። ስልክ በአፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ከአዲስ አበባ ሐረር የ477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ከተዘረጋለት ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የመንግሥት ብቻ ሆኖ ኖረ። ሞባይል አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። በ2011 የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ገበያውን ከፈተ፤ በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ፤ ነሐሴ 2014 ላይ ድሬዳዋ ሥራ ጀመረ፤ መስከረም 2015 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሸገር ላይ ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ያለው ሁሉ የቱ ይረክሳል፣ የቱ ይፈጥናል እያለ ይከራከራል። ከከተማ ለወጣ መንገደኛ ግን ክርክሩ ይቀልና አንድ ጥያቄ ይሆናል፤ አለ ወይስ የለም?

እኔም ያን አንድ ጥያቄ ይዤ ነበር የተነሳሁት። መኖር ስንት ዓይነት እንደሆነ ያስተማረኝ ባሌ ነው።

ወሩ ኅዳር ነበር። አዳማን አልፈን ወደ አሰላ ሽቅብ ስንል ጭላሎ በግራ በኩል ደመናውን ተከናንቦ ታየን። ስንዴው በስሏል፤ ኮምባይነሮች አስፋልቱን ሞልተው ስለሚሄዱ ሾፌራችን እየተነጫነጨ ከኋላ ከኋላቸው ይዳክራል። በዚህ መስመር ቀኙም ግራውም ስልክ አይታሙም። ምክንያቱን ለማወቅ መስኮቱን ማየት በቂ ነው፤ ታወሩ የሚተከለው መንገድና መብራት ባለበት ነው። ፋይበሩ የሚቀበረው አስፋልቱን ተከትሎ ነው፤ ጥገና የሚሄደው ሠራተኛም መኪና የሚገባበትን ቦታ ይመርጣል። ስለዚህ በመኪና የተጓዘ ሰው «አሰላ ድረስ ሳይቆራረጥ አወራሁ» ብሎ ሲመሰክር የመሰከረው ስለ አስፋልቱ እንጂ ስለ አርሲ አይደለም። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከጉብታ ጀርባ ያለውን መንደር ማንም አልጠየቀውም።

በቆጂን፣ የእነደራርቱንና የእነቀነኒሳን አገር፣ ምሳ ብቻ በልተን አለፍናት። ያሳዝናል፤ ግን መንገዱ ሩቅ ነው።

ከዚያ ወዲያ፣ ወደ ዶዶላ በሚወስደው ሜዳ ላይ፣ ማሳቸው ዳር ቆመው ኮምባይነር የሚጠብቁ ሽማግሌ አገኘን። «ሐጂ» አልኳቸው እንደ አገሩ ወግ፣ ሰላምታ ተለዋወጥን። እጃቸው ላይ ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ አለች፤ ጀርባዋ በጎማ ታስሯል። የእኔን ሁለት ስልኮች ሲያዩ ሳቁ። ዳታ ይጠቀሙ እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ይቺ ታወራለች፣ ታበራለች፣ ራዲዮ ታሰማለች። ሌላ ምን ትሁን?» አሉኝ። ቀጥለውም 8028 ደውለው የዋግ ማስጠንቀቂያ በኦሮምኛ እንደሚሰሙበት ነገሩኝ። ይህ መስመር እ.ኤ.አ. በ2014 በያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የተጀመረ ነው፤ ገበሬው ይደውላል፣ ቁልፍ ይጫናል፣ ስለ ሰብሉ የተቀዳ ምክር በቋንቋው ይሰማል። ዳታ አይጠይቅም። ስማርት ስልክ አይጠይቅም። ቱጂ ይበቃዋል።

ሐጂ የተናገሩትን በዓለም መጠን የሚያሳይ ቁጥር አለ። የሞባይል ኦፕሬተሮች ማኅበር የሆነው ጂኤስኤምኤ በሪፖርቶቹ ሁለት ክፍተቶችን ይለያል። የሞባይል ኢንተርኔት ፈጽሞ የማይደርስበት ቦታ የሚኖረው የዓለም ሕዝብ ከመቶ 4 ገደማ ነው። ኢንተርኔቱ ደርሶት የማይጠቀመው ግን ከመቶ 40 ይጠጋል። ስልኩ ይወደዳል፣ ፓኬጁ ይወደዳል፣ ቋንቋው የእሱ አይደለም፣ ወይም እንደ ሐጂ ምን እንደሚያደርግለት ያሳየው የለም። ታወር ቆጥሮ የሚኩራራ ሰው ይህን ሁለተኛውን ቁጥር ባያነሳ ደስ ይለዋል።

ዶዶላን፣ አዳባን አልፈን ወደ ዲንሾ አመራን። የዋቤ ሸበሌ ውሃ ላይ የተገነባው የመልካ ዋከና ግድብ በዚሁ አካባቢ ነው፤ 153 ሜጋ ዋት ያመነጫል። የከፍተኛ ኃይል መስመሩ ሜዳውን አቋርጦ ይሄዳል። ከመንገዱ ወጣ ብሎ አንድ ታወር አየንና ሻይ የሚያፈላውን ጥበቃ ለማነጋገር ቆምን። አጥሩ ውስጥ የሶላር ፓኔል፣ የባትሪ ሳጥንና ጄኔሬተር አለ። ጥበቃው ሳይቱን እንደ ገዛ ቤቱ ነው የሚያውቀው፤ ባትሪው ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደክም፣ ክረምት ላይ ፀሐይ ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ስንት ጊዜ እንደሚነሳ፣ ጭቃው የናፍጣ መኪናውን የት ላይ እንደሚይዘው። «ሰው ኔትወርክ ጠፋ ይላል» አለኝ ሻዩን እየቀዳ፤ «የጠፋው ናፍጣ ነው።»

ስለ ቴሌኮም ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል አጭርና ትክክለኛ ነገር አላጋጠመኝም።

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ጌይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘኖች ከከርከሮ ጋር ተደባልቀው ሲግጡ ቆመን አየን፤ ወንዱ ቀና ብሎ ሲያየን ቀንዱ ላይ ጤዛ ነበረበት። ፓርኩ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ስፋቱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ኩባንያዎች «ሽፋናችን ከመቶ ይህን ያህል ነው» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥሩት ሕዝብን እንጂ መሬትን አይደለም። ሰው ጥቅጥቅ ብሎ የሚኖርበትን ደጋ ከሸፈኑ ከመሬቱ ሰፊውን ሳይነኩ ትልቅ ቁጥር ያገኛሉ። ስሌቱ ውሸት የለበትም፤ ከሕዝቡ ከአራት ሦስቱ በላይ ገጠር በሚኖርበት አገር ግን ሰው በቤቱ ብቻ አይኖርም። ከብት ይዞ ይወጣል፣ ቀፎ ሊሰቅል ደን ይገባል፣ ነፍሰ ጡር ይዞ ሸንተረር ያቋርጣል። ስልኩን አጥብቆ የሚፈልገው ብዙ ጊዜ በቆጠራው በሌለበት ቦታ ላይ ሆኖ ነው።

ሮቤ ስንደርስ ሁለቱም ስልኮች ፎርጂ አሉ። ማታ ከአልጋዬ ሆኜ ከሁለቱም ፎቶ ላክሁ፤ ቀኙ ቀደመ። በማግስቱ ገበያ ነበርና ወጣሁ። ከየወረዳው የመጣ ሰው፣ በርበሬ፣ ማር፣ ፈረስ፣ ፕላስቲክ ጫማ። የኔትወርክ ጠቋሚው ሙሉ ነው፤ ፎርጂም ይላል፤ ያችው ማታ የሄደችው ፎቶ ግን በቀኙ እየተሽከረከረች ቀረች። በግራው እየተንፏቀቀችም ቢሆን ሄደች።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቁጭ ብዬ ስብሰለሰል አይቶ ነገሩን አስረዳኝ። ጠቋሚው የሚለካው ታወሩ ምን ያህል ጮክ ብሎ እንደሚሰማ እንጂ ለስንት ሰው እየተናገረ እንደሆነ አይደለም። አንድ ታወር የሚያቀርበው አቅም ከሥሩ ላለው ሰው ሁሉ ይከፋፈላል፤ በገበያ ቀን ድርሻው ይቀጥናል። ደግሞም ታወሩ ራሱ ከዋናው መስመር ጋር የሚገናኝበት ማይክሮዌቭ ወይም ፋይበር ጠባብ ከሆነ ወይም ከተቆረጠ፣ ስልኩ ከታወሩ ጋር ተስማምቶ ተቀምጦ ሁለቱም የትም አይደርሱም። ይህ ልጅ የስልኬን ውስጣዊ መለኪያም ከፍቶ አሳየኝ። ሲግናል የሚለካው በዴሲቤል፣ ከዜሮ በታች ነው። ነጋቲቭ 70 ከሆነ ድንቅ ነው፤ ነጋቲቭ 110 ከሆነ ጭላንጭል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በኃይል ሲተመን አሥር ሺህ እጥፍ ነው። ስልክ እነዚህን ሁሉ ደረጃዎች በአራት ወይም በአምስት መስመር ጠቅልሎ ያሳየናል፤ እኛም አምነን እንቀመጣለን።

የገረመኝ ግን ገበያው አለመቆሙ ነው። ማር የምትሸጥ ሴት ከደንበኛዋ ገንዘብ በቴሌብር ተቀበለች፤ ያውም ፎቶዬ አልሄድም ባለበት ሰዓት። ደንበኛዋ *127# መትቶ ነው የላከላት። ይህ መንገድ በዳታ አይሄድም፤ ታወሩና ስልኩ «አለሁ፣ አለህ» የሚባባሉበት ጠባብ የምልክት መስመር ላይ ነው የሚያልፈው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር ብዙዎቻችን የምናስበው አፑን ነበር። ገጠሩን ያቀፈው ግን ኮከብና መሰላሉ ነው።

ከዚያ በኋላ መለኪያዬን ቀየርኩ። ፍጥነት መለካት ተውኩና በደረስኩበት ሁሉ ሦስት ነገር እሞክር ጀመር፤ ደውዬ ድምፅ እሰማለሁ ወይ? ትንሽ ብር መላክ እችላለሁ ወይ? ፎቶ ይሄዳል ወይ? አንድ ቦታ ሦስቱም ይሆናሉ፣ ሌላ ቦታ አንዱ ብቻ። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ቀለም ቀብቶ «ሽፋን አለ» የሚል ካርታ ለመንገደኛም ለነዋሪም ብዙ አይነግርም።

ሶፍ ዑመር ከሮቤ በስተምሥራቅ ነው፤ ጎሮን አልፎ፣ ደጋው ሜዳ ድንገት ይሰነጠቅና ወደ ወይብ ወንዝ ገደል ይወርዳል። ቁልቁለቱን ስንጀምር ሁለቱም ስልኮች ተራ በተራ ዝም አሉ። ኩባንያ አልመረጡም። ሬዲዮ ሞገድ እንደ ኩራዝ ብርሃን ነው፤ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ሩቅ ያበራል፣ ጉብታ ከመጣበት ግን ጥላ ይጥላል፣ ገደል ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ጥላው ውስጥ ነው። ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው፣ ለምሳሌ 900 ሜጋ ኸርዝ፣ ከ1800ው ወይም ከ2100ው ይልቅ ሩቅ ይሄዳል፣ የጉብታውንም ጠርዝ ትንሽ ይታጠፋል። ስለዚህ ነው ወደ ገደል ስንወርድ፣ ብዙ ጊዜ በዝቅተኛው የሚሄደው ቱጂ በመጨረሻ የሚሰናበተን።

ዋሻው ግን! ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ወይብ ራሱ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ጠርቦ የሠራው ቤተ መንግሥት ነው። ዓምዶቹ ከወለል እስከ ጣራ ተጠርበው ቆመዋል፤ ጣራው ላይ የሌሊት ወፍ ይንጫጫል፤ ውሃው አንድ ቦታ ላይ ጥልቅ አረንጓዴ ሆኖ ይተኛል፣ ሌላ ቦታ ላይ ያጉረመርማል። ስሙን የሰጡት ሼክ ሶፍ ዑመር አሕመድ እዚህ እንደ ጸለዩ ይነገራል፤ ዛሬም ዘያሪዎች ይመጣሉ። አስጎብኚያችን ወጣት በስልኩ መብራት እየመራን ገባን። ስልኮቼ እዚያ ውስጥ ፋኖስ ብቻ ነበሩ፤ ምንም አልጎደለብኝም። የዓለት ውፍረት ሲግናል ሲበላ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ያለኝ እዚያ ነው።

ስንወጣ ልጁ ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳየኝ። ድንጋዩ ከመቀመጫ ብዛት ለስልሷል። «ለደውል እዚያ ነው የምንወጣው» አለኝ፤ «ፊትህን ወደ ጎሮ ካዞርክ ይይዛል፤ ጀርባህን ከሰጠኸው ይለቃል።» ተቀመጥኩና ሞከርኩት። ያዘ። ፊቴን አዞርኩ፤ ለቀቀ። ሰውነታችን ውሃ ነው፤ ውሃ ሞገድ ይውጣል፤ ልጁ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከድንጋዩ ነው የተማረው። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ «ኔትወርክ ጂራ?» (ኔትወርክ አለ?) እያልኩ መጠየቅ ለመድኩ። ሰው መልሱን በጣቱ ያሳያል፤ ያ ዛፍ ሥር፣ ከመስጊዱ ጀርባ፣ የእገሌ አጥር ጋ፣ ጠዋት ብቻ። ባለሙያ በመኪና ዞሮ ሊለካው የሚደክምበትን ካርታ እያንዳንዱ መንደር በቃሉ ይዞታል። የትኛውም ኩባንያ ይህን ዕውቀት በነፃ ሊያገኝ ይችላል፤ የሚጠበቅበት ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ሳነቴ አምባ።

ከጎባ ስንወጣ የኮሶውና የጽዱ ዛፍ ቀስ በቀስ ወደ አስታ ይለወጣል፤ አስታውም ያጥርና ያልቃል፤ ከዚያ ዓለም ይገለጣል። ከ4,000 ሜትር በላይ የተዘረጋ ሜዳ፤ ትንንሽ ሐይቆች፣ ብርማ ሣር፣ ጅባራዎች ብቻቸውን እንደ ዘበኛ ቆመው። ንፋሱ ዓይን ያስነባል። ፍልፈሏ ከጉድጓዷ ብቅ ትልና ጉንጯን በሣር ሞልታ ትመለሳለች፤ ጥቂት ራቅ ብሎ ቀይ ቀበሮው ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃታል። ስልክ የማነሳበት ምክንያት አልነበረም። ግን ሥራ ሥራ ነው፤ አነሳሁት።

ቀኙ ከሩቅ የመጣ ጭላንጭል ይዟል። የግራው ስክሪን ላይ ደግሞ «ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ብቻ» የሚል ጽሑፍ አለ። አብረውን የነበሩት የፓርኩ ስካውት ሬዲዮ ይዘዋል፤ በስልክ ብዙም አይመኩም። ቱሉ ዲምቱ አናት ላይ፣ 4,377 ሜትር ላይ፣ የቴሌኮም አንቴና ቆሟል። መኪና እስከ አናቱ ይወጣል። ወጣን፤ ከዚያ ከፍታ ላይ ባሌ እግር ሥር ይተኛል።

ከፍታ ሁሉን ነገር የሚያቀል ይመስላል፤ አያቀልም። ስልኩ ከዚያ ላይ ብዙ ሩቅ ታወሮችን ይሰማል፤ እነሱ ግን ስልኩን አይሰሙትም። ታወር በአሥሮች በሚቆጠር ዋት ይናገራል፤ ስልክ ግን በቱጂ ቢበዛ በ2 ዋት፣ በፎርጂ ከዚያም አንሶ በ0.2 ዋት ገደማ ነው የሚመልሰው። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ያንሾካሹካል። ስለዚህ ነው ጠቋሚው ምልክት እያሳየ ጥሪው የማይወጣው፤ ስለዚህም ነው ዳታ ከጠፋበት ቦታ ድምፅ የሚገኘው። ቱጂ ደግሞ ሌላ አጥር አለው፤ በተለመደው አሠራሩ ከታወሩ 35 ኪሎ ሜትር ካለፉ፣ ሲግናሉ ቢሰማም እንኳ፣ የሰዓት አጠባበቁ ስለሚዛነፍ አይቀበልም። ብርዱም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ጠዋት ሞልቼው የወጣሁት ባትሪ ቀትር ሳይሆን ተንጠፍጥፎ ነበር፤ የሊቲየም ባትሪ ብርድ ላይ ያለውን እንኳ አውጥቶ አይሰጥም። ስካውቱ ስልካቸውን ከደረታቸው ሥር፣ ከሹራቡ ውስጥ የሚያኖሩት ለዚህ ነው።

ያንን «ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ብቻ» የሚለውን ጽሑፍ ግን ልቤ አልለቀቀውም። ትርጉሙ ቀላል ነው። የግራ ስልኬ የራሱን ኩባንያ አላገኘም፤ የሌላውን ኩባንያ ታወር ግን ሰምቷል። በዓለም አቀፉ ሥርዓት መሠረት ለነፍስ አድን ጥሪ በማንኛውም ታወር መጠቀም ይችላል፤ ለሌላ ነገር ግን ደንበኛ ስላልሆነ በሩ ይዘጋበታል። ማለትም እኔ እዚያ ሜዳ ላይ «ኔትወርክ የለም» ስል የነበረው ነገር ውሸት ነው። ኔትወርክ አለ። የሌለው ውል ነው።

ከሳነቴ በስተደቡብ መንገዱ ዘጭ ይላል። በአንድ ሰዓት ቁልቁለት ከውርጭ ወደ ጭጋግ፣ ከጭጋግ ወደ ቀርከሃ፣ ከቀርከሃ ወደ ሐረና ደን ይገባል። ዛፎቹ ላይ ሽበት የተንጠለጠለባቸው ይመስላል፤ ከሥራቸው የጫካ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል፤ ከግንዶቹ ላይ ረጃጅም ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ሪራ ላይ ቡና ጠጣን፤ ማር ከነሰፈፉ ቀረበልን። እዚህ ስልኮቹ ቦታ ተለዋወጡ። ሳነቴ ላይ ያሳፈረኝ ግራው አንድ ኮረብታ ላይ ቱጂ ያዘ፤ ቀኙ ጨርሶ ተወኝ። እርጥብ ቅጠል ሞገድ ይጠጣል፤ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ያለው ደን ከደረቁ ይብሳል። በየመቶው ሜትር ውጤቱ ይለያያልና ማን እንደ በለጠ መናገር ትርጉም አጣብኝ።

ቡናውን ያፈሉልን እናት ልጃቸው ሳዑዲ ናት። ብዙ ልጆች ከአርሲና ከባሌ ወደዚያ ሄደዋል፤ አዲስ ነገር አይደለም። እናትየው አርብ አርብ የጎረቤትን ስማርት ስልክ ይዘው ደኑ ወደሚሳሳበት ከፍታ ይወጣሉ፤ በኢሞ የተላከ የድምፅ መልእክት እዚያ ይወርዳል። ቪዲዮ አይታሰብም። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ድምፅ ለመውረድ አንዳንዴ ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ ይቆያል። «ይመጣል ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ይመጣል እንጂ!» አሉኝ ሥራቸውን ሳያቋርጡ፤ «ዘግይቶ ነው እንጂ ቀርቶ አያውቅም።» ያ ኮረብታ በማንኛውም የፍጥነት ሰንጠረዥ ላይ ከመጨረሻው ረድፍ ነው የሚቀመጠው። በጉዞዬ ሁሉ ካየሁት ሲግናል ግን በሥራ የሚበልጠው አልነበረም።

ደሎ መና ቆላ ነው። ሹራቤን አውልቄ ሙዝ ስበላ ሁለቱም ስልኮች በአንድ ጊዜ ነቅተው ያጠራቀሙትን መልእክት ዘረገፉት። ባንክ፣ ሎተሪ፣ የፓኬጅ ማስታወቂያ፣ የእናቴ ሚስኮል። ለእናቴ መልሼ ደወልኩ፤ የቀረው ቢቆይም ግድ የለም።

እንግዲህ የቱ ይበልጣል? ብለው ለሚጠይቁኝ ወዳጆቼ መልሴ ይህ ነው። በአስፋልት ዳር ከተሞች ሁለቱም ይበቃሉ፤ በገበያ ቀን ሁለቱም ያነክሳሉ፤ ገደል ውስጥ ሁለቱም የሉም፤ ደጋው አናት ላይ አንዱ፣ ደኑ ውስጥ ሌላው። የአንዱን ሲም ብቻ ይዞ ባሌን የሚያቋርጥ ሰው ግማሹን መንገድ ያለ ስልክ ይሄዳል። ወደዚያ የምትሄዱ ከሆነ ሁለቱንም ያዙ፤ ለሁለቱም ትንሽ ፓኬጅ ግዙ፤ ካርታችሁን ጎባ ላይ ሳላችሁ አውርዱት፤ ባትሪውን ከሹራብ ሥር አድርጉት፤ ጥሬ ገንዘብም አትርሱ፤ የቀረውን የአገሩን ሰው ጠይቁ።

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንና ለሁለቱ ኩባንያዎች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ታወር በታወር መወዳደር በከተማ ደግ ነው። ሳነቴና ሐረናን በመሰሉ ቦታዎች ግን ሁለተኛ ታወር ለመትከል የሚወጣው ናፍጣ፣ መንገድና ጥበቃ ለማንም አያዋጣም። የአንዱ ደንበኛ በሌላው ታወር የሚደውልበት የአገር ውስጥ ሮሚንግ በብዙ አገር የሚሠራበት ነገር ነው፤ ቢያንስ ለድምፅና ለ*127# በእነዚህ ቦታዎች ይፈቀድ። የግራ ስልኬ ሳነቴ ላይ ታወሩን ሰምቶታል፤ የሚቀረው እንዲገባ መፍቀድ ነው።